ለዘመድ የሚፈተል ጋቢ ዋጋው ስንት ነው?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። የእጅ ሥራ የምትወዱ፣ በተለይ ልጅ እያሳደጋችሁ ቤት የምትሠሩ፣ እስቲ አንድ ነገር ምከሩኝ።

እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንልኝም። ዳንቴል እሠራለሁ፣ የአልጋ ልብስ እጠልፋለሁ፣ ከቁራጭ ጨርቅ ለልጄ አሻንጉሊት እሰፋለሁ። ዋናው ግን ፈትል ነው። ከእናቴ ነው የተማርኩት። ልጆቹ ሲተኙ፣ ወጡ እስኪበስል፣ መብራት ሲጠፋ እንዝርት አነሳለሁ። አምና ለባለቤቴ ጋቢ ፈተልኩለት። ሽሮ ሜዳ ወስጄ አሸመንኩት። አምሮ ወጣ። ችግሩ፣ ለበዓል ለብሶት ዘመድ ጥየቃ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የአክስቱ ልጅ ከአሜሪካ ለሦስት ሰው አዘዘች። እህቱ ለልጇ ሠርግ ሁለት ፈለገች። አማቴ ደግሞ ለንስሐ አባታቸው አንድ። የሁሉም አባባል ተመሳሳይ ነው፤ መቼም ቤት ነው የምትውዪው፣ እጅሽም ለምዶታል። ባለቤቴን ሳማክረው እኔን በመሀል አታስገቡኝ ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ጥያቄዬ ይኸው። ለዘመድ ዋጋ ይጠራል ወይ? ከተጠራስ ሳይቀያየሙ እንዴት ነው የሚባለው? የእኔን አቋም ልንገራችሁ። ጥጡ በገንዘብ ይገዛል። ሸማኔው ይከፈለዋል። የእኔ ጣት ብቻ በነፃ የሚሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

መልሶቹ

መልሱ ስለበዛ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እኔው በቅደም ተከተል ልተርክለት። ቃል በቃል አልገለብጥም። የማይረባውንም እዘለዋለሁ።

ቁጥር 1 እጄን መርቃ፣ ልጆቼን መርቃ፣ ፎቶ ጠየቀች። ለጥያቄዬ መልስ የላትም፣ ግን ደስ የምትል ሴት ናት። ጋቢውን ሶፋ ላይ ዘርግቼ አነሳሁና ለጠፍኩት። ይህ ፎቶ በኋላ መዘዝ ይዞ ይመጣል፤ ቆዩ።

ቁጥር 2 ከአንድ መስመር አላለፈም። ዘመድም ቢሆን ይክፈል ባይ ነው።

ቁጥር 3 ላይ ነገሩ ሞቀ። ሰውየው ሰላምታ እንኳ የለውም። እናቱ ሰባት ልጅ እያሳደጉ ለመንደሩ ሁሉ እንደፈተሉ፣ ከአንድም ሰው ሳንቲም እንዳልተቀበሉ ጻፈ። የዛሬ ሴት ከእንዝርቱ በፊት ካልኩሌተር ታነሳለች ሲልም አከለበት። በዘመድ ላይ ዋጋ መጥራት ነውር ነው፣ አለቀ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔ ቤት ያለው ካልኩሌተር የልጄ ነው፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል።

ቁጥር 4 አፍታም አልሰጠችው። እነዚያን ሁሉ ጋቢዎች ማን እንደሸመናቸው ጠየቀችው። ሸማኔው ተከፍሎታል ወይስ እሱንም ዘመድ ነህ ብለው ሸኙት? ሰው ሸማኔ ዘንድ ሲሄድ ሳይነገረው እጁን ኪሱ ይሰዳል። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ እግሩም እጁም ሲሠራ ይታያላ። ፈታይዋ ግን በአንድ ዓይኗ ወጥ እየጠበቀች፣ በጉልበቷ ሕፃን ደግፋ ስለምትፈትል ሥራ የያዘች አትመስልም። እኔ በአራት አንቀጽ ልናገር የሞከርኩትን እሷ በዚህች ጨረሰችው።

ቁጥር 5 ሸማኔ ነው። አባቱ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ የኖሩ ናቸው፤ እሱም እዚያው ነው ያደገው። እንደ እሱ ያለ ጨዋ ሰው በዚህ መድረክ ላይ አላየሁም። ጋቢ ፈተልኩ ማለቴን አንስቶ፣ ድሩን ነው ወይስ ማጉን ብሎ ጠየቀኝ። ለማያውቅ ሰውም አብራራ። ድር በቁመት የሚወጠረው ክር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲወጠርና ሲመታ ስለሚውል ጠበቅ ብሎ የከረረ መሆን አለበት። ማግ በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ እየተወረወረ በአግድም የሚገባው ነው። እሱ ላላ፣ ለስለስ ቢል ይመረጣል፤ የጋቢን ሙቀት የሚሰጠው እሱ ነው። ዛሬ ሽሮ ሜዳ የሚሸመነው አብዛኛው ጋቢ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል እንደሆነ ነገረን። ድሩም በእጅ ይፈተል የሚል ሰው ሲመጣበት ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ ያልጠነከረ ድር እየተበጠሰ ቀኑን ይበላበታል። እኔ ማጉን እንደፈተልኩ፣ ድሩን ከሱቅ እንደገዛሁ መለስኩለት።

ቁጥር 6 ይህን ስታይ ዘለለች። ድሩ ከፋብሪካ ከመጣ ነገሩ የእጅ ሥራ አይባልም፣ ለዘመድ ዋጋ መጥራቱ ቀርቶ ለባዳም ያሳፍራል አለች። ቁጥር 7 ደገፋት። ገበያው ማሽን ባተመው ጥበብ ስለተጥለቀለቀ ሰው የቱን እንደሚያምን ግራ ገብቶታል የሚል ነው። የሱ ስጋት እውነት አለው። ከሩቅ ሲያዩት ጥለት የሚመስል፣ ቀረብ ሲሉ ጨርቅ ላይ የታተመ ቀለም የሆነ ልብስ አሁን የትም አለ። ግን የኔ ጋቢ እዚያ ውስጥ ምን አስገባው?

ቁጥር 8 ታሪክ ያነበበ ሰው ነው። ንጹሕ የሚባል ነገር ፍለጋ መድከም ትርፉ ድካም ነው ይላል። በድሮው ዘመንም ሸማኔዎች ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተሩ፣ ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። አያቶቻችን የኮሩበት ቀይ ጥለት ክሩ ከውጭ መጣ ተብሎ ሸማው የውጭ አልሆነም። ቁጥር 6 ምንጭህን አምጣ አለችው፤ እሱ ደግሞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ላካት። እዚህ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ትንሽ ተጓተቱ።

ቁጥር 9 የመንትዮች እናት ናት። ጋቢውም ዋጋውም አላሳሰባትም። እሷን የደነቃት ልጅ ባለበት ቤት እንዴት እንደሚፈተል ነው። ብናኙስ? ቁጥር 10 ልጇ አስም ስላለበት ጥጥ ቤት ውስጥ እንደማታስነድፍ ነገረቻት። ብናኙ የሚበዛው ሲነደፍ ነው፤ ስለዚህ ባዘቶውን ተነድፎ ያለቀውን ገዝቶ መግባት ይሻላል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደጋን ይዤ ጥጥ ልንደፍ ብል ከጎረቤት ጋር የምንጨራረሰው ያኔ ነው።

ልጅን በተመለከተ ግን መልስ ስላማረኝ ረዘም አድርጌ ጻፍኩላት። ትንሹ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። እንዝርት ለእሱ መኪናም ነው፣ ጦርም ነው። ጭኔ ላይ አሽከርክሬ ስለቀው አፉን ከፍቶ ያያል። እንዝርቱ አየር ላይ እየሾረ ይወርዳል፣ ክሩ ከጣቴ ሥር እየቀጠነ ይረዝማል። ልክ ክንዴን ሲያክል እጁን ሰድዶ ቀብ ያደርገዋል። ተበጠሰ። እሱ በሳቅ ይፈርሳል። የተበጠሰውን ጫፍ ከጥጡ ጋር አገናኝቼ በሁለት ጣቴ አሸት አደርገዋለሁ፣ ይይዛል፣ እንቀጥላለን። ትልቋ ልጄ ባዘቶውን ለፈትል እንዲመች አመልማሎ አድርጋ ትጠቀልልልኛለች። ክፍያዋ ካርቱን ነው። አንድ ጊዜ ዝም ስትልብኝ ገብቼ ባይ፣ ያዘጋጀሁትን አመልማሎ በሙሉ ለአሻንጉሊቷ ትራስ ሞልታበታለች። ትራሱ እስካሁን አለ። ለመፍታት አንጀቴ አልቻለም።

ቁጥር 11 ሹል ነበረች። ፎቶውን የለጠፍኩበትን ቀን ቆጥራ፣ ወሩ በገባ በ21፣ በማርያም ዕለት እንዝርት መያዝ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። ፎቶ ማንሳት መፍተል አይደለም ብዬ መለስኩላት። እሷ ግን በፎቶው ጥግ ልቃቂት፣ የተፈተለ ክር ጥቅል፣ አይታለች። ከዚያ እስከ ቁጥር 18 ድረስ ንትርኩ በዚሁ አለቀ። አንዱ ይገዝታል፣ ሌላው ይቀልዳል፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያንን በነገር አታንሱ ይላል። ከመሀላቸው ደህና ነገር የተናገረው አንድ ሰው ነው። እናቱ በ12፣ በ19፣ በ21፣ በ23፣ በ27 እና በሰንበት እንዝርት አይነኩም ነበር። ጣታቸው የሚያርፈው ያኔ ብቻ እንደነበር የገባው እሱ ራሱ ከጎለመሰ በኋላ ነው።

ቁጥር 19 ከሐረር ናት። እነሱ ቤት ፈትል የለም፣ ስፌት ነው። የሐረር ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ነው የሚሸለመው። እናቷ ለዘመድ ስፌት ሸጠው አያውቁም። ረስተውም አያውቁም። ይህ የእገሌ ቤት ሄዷል፣ ያኛው የእገሊት ቤት ሄዷል እያሉ ለልጃቸው ይነግሯት ነበር። እሷ ስትዳር ከእነዚያ ቤቶች ባዶ እጁን የመጣ አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ የአሜሪካዋ ዘመድ ለልጄ ሠርግ ትመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልጄ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቁጥር 20 ራሷ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ከፍቷታል። ውጭ ያለ ሰው ሁሉ በነፃ የሚፈልግ ተደርጎ መሳሉ አላስደሰታትም። እሷ መክፈል ትፈልጋለች፤ አገር ቤት ግን ዋጋ ስትጠይቅ ምን በወጣሽ፣ የምን ገንዘብ ነው እያሉ ይሸኟታል። ስለዚህ ጫማና ሽቶ ገዝታ ትመጣለች። ጋቢ ደግሞ ሻንጣ ይበላል። አንዷ ሻንጣ 23 ኪሎ ናት፤ ሦስት ጋቢ ከገባባት በርበሬው የት ሊገባ ነው? ስለ በርበሬው ማንም ሊከራከራት አልቻለም።

ቁጥር 21 አላሳለፈቻትም። ለሦስት ወር ለፈተለችው ነጠላ አንድ ጫማ ከውጭ እንደመጣላት፣ ጫማው በአንድ ቁጥር እንደሚጠባት፣ እሷም አድርጋው ፎቶ ተነስታ እንደላከች፣ በነጋታው ለጎረቤት ልጅ እንደሰጠችው ተረከች። ቁጥር 20 የእግርሽን ቁጥር ማን ነገራት ብላ መለሰች። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ቁጥር 22 ማስታወቂያ ነበር፤ ተሰርዟል።

ቁጥር 23 ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጎጃም ያሉ እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ናት የምትጽፍላቸው። ውይይቱን አስነብባቸው፣ ስቀው ስቀው ሲያበቁ እንዲህ አሏት። እሳቸው በወጣትነታቸው ብዙ ፈትለዋል፣ ገንዘብም አልተቀበሉም። ታዲያ ጋቢ የፈለገች ሴት ጥጡን ይዛ ነው የምትመጣው። ሰጥታም አትሄድም፤ ተቀምጣ ጥጡን ትዳምጣለች፣ ፍሬውን ታወጣለች፣ አብራ ትፈትላለች። በወንፈል ነበር። ዛሬ እሳቸው ቤት፣ ነገ እሷ ቤት። እሳቸው ሲወልዱ እነዚያው ሴቶች እህሉን በእጅ ወፍጮ ፈጭተው፣ ገንፎ አገንፍተው፣ የቀሩትን ልጆች አጥበው አስተኝተዋል። ዘመድ ከሆነችማ ይብስባታል፤ ከሌላው ቀድማ መድረስ አለባት። ብድሯን ያልመለሰች ብትኖር ማንም አይሰድባትም። በሚቀጥለው ዓመት ጥጧን ይዛ ስትመጣ ግን ተራዋ ከሁሉ ኋላ ይሆናል። ሁሉም ምክንያቱን ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ቁጥር 3 ዋሸ ለማለት አይደለም። እናቱ ሳንቲም እንዳልተቀበሉ አምነዋለሁ። በነፃ ፈተሉ የሚለውን ግን አላምንም። እሱ ልጅ ነበር፤ ጋቢው ሲወጣ አይቷል፣ ምን እንደገባ አላየም። በእናቱ አራስ ቤት ጓዳ ሲያገለግሉ የከረሙት ሴቶች እነማን እንደነበሩ ሊያስታውስ አይችልም። እኛ ዘንድ የተረፈን የዚያ ነገር ግማሹ ነው። መጠየቁ ቀርቷል፤ መመለሱ የለም። ዘመድ ሆነን ጋቢ እንጠይቃለን፣ ዘመድ ሆነን ግን ለአራስ የሚፈጭ እህል የለንም፤ ወፍጮ ቤት አለ።

ቁጥር 24 ራሱ ቁጥር 3 ነው፣ ተመልሶ መጣ። እኚህ እናት የተናገሩት የእሱን ሐሳብ እንደሚያጸና ጻፈ፤ ገንዘብ የሚባል ነገር አልተነሳምና። ቁጥር 25 እንግዲያው የአሜሪካዋ ዘመድ ትምጣና የልጆቹን ልብስ ትጠብ አለች። ቁጥር 24 ስድብ ቢጤ ጣል አደረገ። ቁጥር 25 የባሰ መለሰች። አስተባባሪዋ ገብታ ሁለቱንም አስጠነቀቀች። የተባባሉትን አልደግመውም፤ ልጆች ያነቡታል።

ቁጥር 26 የባህል ልብስ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ለጥያቄዬ ቀጥተኛ መልስ የሰጠችኝ እሷ ነች። ምክሯ ዋጋ ከእኔ አፍ አይውጣ ነው። በእጅ የተፈተለ ማግ ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ሽሮ ሜዳም መርካቶ ሸማ ተራም ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ጋቢ የፈለገ ዘመድ ቀጥታ ሸማኔው ዘንድ ይሂድ። ሸማኔው የድሩን፣ የማጉን፣ የጥለቱን፣ የእጁን፣ ጫፉን የምትቋጨዋን ሳይቀር ነጣጥሎ ይነግረዋል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ነጠላ ሁለት፤ ምን ያህል ማግ እንደሚበላ ያኔ ይገባዋል። ከዚያ ወደ እኔ ቢመለስ የማጉን ዋጋ አውቆ ነው የሚመጣው። ልቀንስለት፣ ልተውለት፣ ልቀበለው፣ ያ የእኔ ፈንታ ነው። ዋናው ነገር ምን እንደተውኩለት ማወቁ ነው አለች። ይህን ወደድኩት። ቁጥር 5 ሸማኔውም መጥቶ፣ ሰው ከላክሁበት ያለ ምንም ጭማሪ እንደሚነግራቸው ቃል ገባ።

ቁጥር 27 የባለቤቴ እህት ናት።

አዎ። ፎቶው ነው ጉዱ። ሶፋው ላይ ያለውን ዳንቴል አውቃዋለች፤ አቻውን የሰጠኋት እኔው ነኝ። የጻፈችው በአንቱታ ነው። ለእኔ! እሷ አንቱ ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እርስዎን ያህል ባለሙያ ማስቸገሯ እንዳሳፈራት፣ ለሠርጉ የሚሆነውን ከሱቅ እንደምትገዛ፣ ሥራው ከባድ መሆኑን አንድም ቀን ከእኔ ከአፌ ሰምታ እንደማታውቅ በትሕትና ገለጸች። መድረኩ ጸጥ አለ። ቁጥር 28 የሚያለቅስ ፊት ብቻ ለጠፈ። ቁጥር 29 ይህን የመሰለ ነገር ለማየት ነው እዚህ ቤት የምመጣው ብሎ ሳቀ። የባለቤቴም ስልክ ጠራ፤ ቴሌቪዥኑን ራሱ አጠፋው።

የሆነውን ለማወቅ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ እዚሁ ልንገራችሁ። ቅዳሜ መጣች። አኩርፋለች፣ ቡና ግን ጠጣች። እንዝርቱን አንስታ ልትሞክር ብላ ክሩ አሥር ጊዜ ተበጠሰባት፤ ትንሹ ልጄ ከሁሉም በላይ ተደሰተ። በሁለተኛው ስኒ ላይ አንቱታው ቀረ። ሁለቱን ጋቢ እፈትልላታለሁ። ባዘቶውን እሷ ታመጣለች፣ ሸማኔውን እሷ ትከፍላለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ወደ ቤቷ ትወስዳቸዋለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ክር የማይበጥስብኝ ማለት ነው። ለአሜሪካዋ ዘመድ የሸማኔውን ስልክና የማጉን የገበያ ዋጋ ላክሁላት። አውራ ጣት መልሳ ላከች። ተስማማሁ ትሁን ደረሰኝ፣ ገና አልገባኝም። የአማቴ ንስሐ አባት ጋቢ ላይ ግን ማንም ዋጋ አይጠራም፣ እኔም አልሞክርም።

ከቁጥር 30 በኋላ ያለው ሁሉ ስለ ጋቢ አጠባ ነው። አንዷ በረኪና ነጭ ያደርገዋል አለች፣ ሌላዋ ማሽን ውስጥ ከትታ እንደ ገመድ ተጠማዞ እንደወጣላት ተናገረች። ሸማኔው ለሁለቱም መለሰ። በረኪና ክሩን ያሳሳዋል። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ዘፍዝፎ፣ ሳይጠመዝዙ ጨመቅ አድርጎ መዘርጋት ነው። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ መጀመሪያ ጫፉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ነካ አድርጋችሁ እዩ። ተጨማሪ ጥያቄ ያለው እሱን ይጠይቅ፣ ማታ ማታ ይገባል።